ክብደት መቀነስ፦ ከዘይቱ፣ ከስኳሩና ከእርምጃው መጀመር

ክብደት ለመቀነስ የሚያስቡ ብዙ ሰዎች ሐኪም ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እንጀራ ላቁም ወይ?» ብለው ነው። መልሱ በአብዛኛው «ማቆም አያስፈልግዎትም» ነው። በከተማ ኑሮ ኪሎ ከሚጨምሩብን ነገሮች ብዙዎቹ እንደ ምግብ የማንቆጥራቸው ናቸው፦ ወጥ ውስጥ የሚገባው ዘይት፣ ሻይና ቡና ውስጥ የሚሟሟው ስኳር፣ ለስላሳና ቢራ፣ እንዲሁም ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጥ። ይህ ጽሑፍ ክብደትዎን እንዴት እንደሚለኩ፣ ምን ያህል መቀነስ እንደሚበቃ፣ ከየት መጀመር እንደሚሻልና መቼ ሐኪም ማየት እንዳለብዎት ያብራራል።

ክብደቴ ከልክ በላይ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የተለመደ መለኪያ የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ያለው ንጽጽር (ቢኤምአይ) ነው። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ወስደው ለቁመትዎ በሜትር ያካፍሉ፤ የተገኘውን ደግሞ እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። ለምሳሌ 82 ኪሎ የሚመዝንና ቁመቱ 1 ሜትር ከ64 የሆነ ሰው ውጤቱ 30.5 ይሆናል።

ለአዋቂዎች ውጤቱ የሚነበበው እንደሚከተለው ነው፦
• ከ18.5 በታች፦ ከሚገባው በታች የሆነ ክብደት
• ከ18.5 እስከ 24.9፦ ጤናማ ክብደት
• ከ25 እስከ 29.9፦ ከሚገባው በላይ የሆነ ክብደት
• 30 እና ከዚያ በላይ፦ ከልክ ያለፈ ውፍረት

ይህ መለኪያ ለነፍሰ ጡሮች አይሠራም። ለልጆችም የሚነበበው በዕድሜያቸው በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የወገብ ዙሪያ ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰው በቢኤምአይ «ጤናማ» ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማች ስብ ከሌላው ይበልጥ ለስኳርና ለልብ ህመም ያጋልጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትዎና ከዳሌዎ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽዎን ካወጡ በኋላ ይለኩ። ቀላሉ መመሪያ የወገብ ዙሪያዎ ከቁመትዎ ግማሽ በታች ይሁን የሚል ነው። ቁመቱ 164 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ82 ሳንቲ ሜትር በታች ቢሆን ይመረጣል።

ውፍረት ለምን ያሳስባል?

በሀገራችን ወፈር ማለት ለረጅም ጊዜ የመመቸትና የጤንነት ምልክት ተደርጎ ኖሯል። ሆኖም ከልክ ያለፈ ውፍረት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ህመም፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ህመም፣ ለስትሮክ፣ ለጉበት ስብ፣ ለጉልበት መገጣጠሚያ ህመም፣ በእንቅልፍ ላይ ለትንፋሽ መቆራረጥና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። በሴቶች ላይ የወር አበባን ሊያዛባና እርግዝናን ሊያዘገይ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር የደም ግፊትና የስኳር ህመም ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ መቆየት መቻላቸው ነው። ስለዚህ ቢኤምአይዎ ከ25 በላይ ከሆነ ወይም ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ ካለፈ፣ ምንም ባይሰማዎትም በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን ይለኩ።

ምን ያህል መቀነስ ይበቃል?

ብዙ ሰው የሚያስበው በሠርጉ ወይም በተማሪነቱ ጊዜ ወደነበረው ኪሎ መመለስን ነው። ለጤና ግን ያን ያህል ርቆ መሄድ የግድ አይደለም። ካለዎት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና የጉበት ስብን ያሻሽላል። ይህም ለ82 ኪሎ ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው።

በአሜሪካ የስኳር ህመም አፋፍ ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች፣ ይህ ድጋፍ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር ህመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል።

በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ በቂ ፍጥነት ነው። በጣም በፍጥነት የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ የሐሞት ጠጠርም ሊፈጠርበት ይችላል።

ለምን እንወፍራለን?

ዋናው ምክንያት ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ኃይል (ካሎሪ) መውሰድ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው እኩል አይወፍርም፤ ዘር፣ ዕድሜ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ውፍረትን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ሆዳምነት መቁጠር ትክክል አይደለም።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ፦ ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ አንዳንድ የአእምሮ ህመም መድኃኒቶች፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ዶሉቴግራቪር። ክብደትዎ የጨመረው መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ በፍጹም አያቁሙ።

ከየት ልጀምር?

ሁሉንም ነገር በአንድ ሰኞ ለመቀየር አይሞክሩ። ከሚከተሉት አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡ፤ ሲለምድዎት ሌላ ይጨምሩ።

1. ዘይቱን ይለኩ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ካሎሪ አለው። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ወደ 270 ካሎሪ ነው። ያው ቤት ወደ 3 ሊትር ቢወርድ ማንም ሰው አንድ ጉርሻ ሳይቀነስበት እያንዳንዱ በቀን ከ100 በላይ ካሎሪ ይቀንሳል።

ለዚህ የሚረዱ ቀላል ዘዴዎች፦
• ጀሪካኑን የከፈቱበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉ። በስንት ቀን እንዳለቀ ማወቅ ብቻውን አጠቃቀምን ይለውጣል።
• ዘይት ከጀሪካኑ ወደ ድስቱ በቀጥታ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ።
• ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላልተው ዘይቱን በኋላ ይጨምሩ። ይህ የእናቶቻችን የዶሮ ወጥ አሠራር ነው፤ ለሽሮውም ለምስሩም ይሆናል።
• ወጡ ሲበስል ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በጭልፋ ያውጡ።

ጠርሙሱ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ አያታልልዎት። ኮሌስትሮል በተፈጥሮው የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ባሉ ከእንስሳት በሚገኙ ምግቦች ነው፤ የአትክልት ዘይት ሁሉ ከዚህ ነጻ ነው። የኑግም፣ የሱፍም፣ የፓልምም ዘይት በካሎሪ እኩል ናቸው። ለልብ ግን ልዩነት አለው፦ በብርድ የሚረጉት የፓልም ዘይትና ቅቤ የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ ያደርጋሉ።

2. የሚጠጣውን ስኳር ይቀንሱ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በቀን አራት ስኒ ቡናና ሻይ የሚጠጣና በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን 48 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተሻለ ጤና የሚመክረው በቀን ከ25 ግራም ያልበለጠ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ያም በሌላ ምግብ ውስጥ የተጨመረውን ስኳር ጨምሮ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ አለው።

በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ከከበደዎት በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። በለስላሳ ፋንታ ውሃ ወይም አምቦ ውሃ ይጠጡ። ጭማቂ ከመጠጣት ፍራፍሬውን እንዳለ መብላት ይሻላል፤ በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ውስጥ የሦስትና የአራት ብርቱካን ስኳር ሊኖር ይችላል። ማርም በዚህ ረገድ እንደ ስኳር ይቆጠራል። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ያህል ካሎሪ አለው፤ ከቢራው ጋር የሚመጣውን ጥብስም አይርሱ።

3. ድርሻዎን ይለዩ

በአንድ ትሪ አብሮ መብላት መልካም ባህል ነው፤ ችግሩ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ከመጀመርዎ በፊት የእርስዎን ድርሻ እንጀራ በፊትዎ ያስቀምጡ፤ ሲያልቅ ሌላ ጥቅል ከማንሳትዎ በፊት ትንሽ ይቆዩ። የጥጋብ ስሜት ለመምጣት 20 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል።

የሚበሉትን ምግብ በዓይንዎ ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹ አትክልት ይሁን፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ። ከቀረው ግማሽ አንዱ ሩብ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ጮማ የሌለው ሥጋ፤ ሌላው ሩብ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ይሁን።

ድንች ከእንጀራ ወገን ነው። ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ፍርፍር በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ መብላት ያንኑ ዓይነት ምግብ ሁለት ጊዜ መብላት ነው፤ አንዱን ይምረጡ። ቁርስ ላይ ከቦንቦሊኖና ከነጭ ዳቦ ይልቅ ቅንጬ (ቅቤው ቀነስ ብሎ)፣ ባቄላ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ረዘም ላለ ጊዜ ያጠግባሉ። ለመክሰስ ቆሎና ለውዝ ጥሩ ናቸው፤ ልካቸው ግን አንድ እፍኝ ነው።

በጾም ወቅት

«ጾም ላይ ነኝ፤ እንዴት ኪሎ ጨመርኩ?» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሲቀር ዘይቱ ከጨመረ፣ እንዲሁም በፓስቲ፣ በሳምቡሳና በድንች ጥብስ ከተተካ የጾም ምግብ ከፍስክ ያላነሰ ካሎሪ ይኖረዋል። ረጅም ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም ሌላው ምክንያት ነው። በአግባቡ ከተያዘ ግን ጾም መልካም አጋጣሚ ነው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ሽሮ ዘይታቸው ሲለካ ለክብደትም ለልብም የሚስማሙ ናቸው። የሁዳዴን 55 ቀን ጥቅም በፋሲካ ሳምንት ላለማጣት ፍስኩን በጥቂቱ ይጀምሩ።

በረመዳን አፍጥር ላይ በቴምርና በውሃ ከጀመሩ በኋላ ሾርባ ያስከትሉ፤ ከሶላት በኋላ ዋናውን ምግብ በልክ ይብሉ። የተጠበሰ ሳምቡሳና ጣፋጭ መጠጥ የየዕለት ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚቀርብ ይሁን።

ጥንቃቄ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጹሙ፤ ምግብም በድንገት አይቀንሱ። የደም ስኳርዎ ከመጠን በላይ ሊወርድና ሕይወትዎን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩ ወዲያውኑ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

እንቅስቃሴ

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ፍጥነቱ ልክ ነው። ሠላሳው ደቂቃ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ሆኖ ሊከፋፈል ይችላል።

ጂም የግድ አይደለም። «ወራጅ አለ!» የሚሉት ከተለመደው ፌርማታ አንድ ወይም ሁለት ቀደም ብለው ይሁን። ደረጃ ይውጡ። ስልክ ሲያወሩ ይቁሙ። ምሽት ላይ መውጣት የማይመችዎት ከሆነ ግቢ ውስጥ ይመላለሱ። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይጨምሩ፤ ለምሳሌ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት።

ይሁንና በእንቅስቃሴ ብቻ ብዙ ኪሎ አይቀንስም። በግማሽ ሰዓት እርምጃ የተቃጠለው በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አብዛኛው ይመለሳል። የእንቅስቃሴ ትልቁ ጥቅም የደም ግፊትንና ስኳርን ማሻሻሉ፣ እንዲሁም የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ መርዳቱ ነው።

እንቅልፍ

በቀን ከ7 ሰዓት በታች መተኛት የረሃብን ስሜት ይጨምራል። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማራቅና በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት ይረዳል። ከፍ ባለ ድምፅ የሚያንኮራፉ፣ ቤተሰብ «ትንፋሽህ ይቆማል» የሚልዎትና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ሐኪም ይዩ።

ቤተሰብና ጎረቤት

ክብደት መቀነስ የጀመረ ሰው ከረሃብ ይልቅ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ «በሞቴ!» የሚለው ቃል ነው። እንግዳን ደጋግሞ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል። «ክብደት እየቀነስኩ ነው» ማለት ክርክር ካስነሣ «ሐኪም ልክ ሰጥቶኛል» ይበሉ፤ አብዛኛው ሰው ያከብረዋል። አንዲት ጉርሻ ተቀብለው ማመስገንም ጉዳት የለውም።

ሌላው ፈተና የሚመጣው ውጤቱ መታየት ሲጀምር ነው። «ምነው ከሳህ? አሞህ ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ወደ ኋላ መልሷል፤ መክሳት ከከባድ ህመም ጋር የተያያዘበት ዘመን ገና አልተረሳምና። መልስዎን አስቀድመው ያዘጋጁ፦ «አላመመኝም፤ እንዳያመኝ ነው።»

የቤተሰብ አባል ከሆኑ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ «የበሽተኛ ምግብ» አይሥሩ። ዘይቱ ለሁሉም ይቀነስ፤ አትክልቱ ለሁሉም ይቅረብ። በሰውነቱ አይቀልዱበት፤ ሐፍረት ሰውን ተደብቆ እንዲበላ ያደርገዋል እንጂ አያከሳውም። ልጆችን ምግብ አይከልክሉ፤ ለስላሳውን ከቤት አውጥተው እንዲጫወቱ ማድረግ ይበቃል።

ነፍሰ ጡር ሴት ክብደት ለመቀነስ መሞከር የለባትም። አራስ እናትም ምግቧ መቀነስ የለበትም፤ የምታጠባ እናት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ሆኖም ገንፎው ላይ የሚደረገውን ቅቤ መቀነስ፣ ምስርና አትክልት ማብዛትና አቅሟ ሲመለስ መራመድ ይጠቅማታል።

መራቅ ያለብዎት ነገሮች

• «የማክሻ ሻይ»፦ ብዙዎቹ እንደ ሴና ያለ የሚያስቀምጥ ነገር አለባቸው። የሚወጣው ውሃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም።
• «ቦርጭ ማጥፊያ»፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ዝንጅብልም ሆነ ኮምጣጤ ስብ አያቀልጡም። ሳውናና ሆድን በፕላስቲክ መጠቅለልም የሚቀንሱት ላብን ብቻ ነው።
• ከኢንተርኔት የሚገዙ መርፌዎችና ክኒኖች፦ ለክብደት የሚታዘዙ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን በሐኪም ምርመራና ክትትል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሐሰተኛ የሴማግሉታይድ መርፌዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።
• ሲጋራና ጫት፦ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጉ ብቻ እንደ ዘዴ አይውሰዷቸው።

ኪሎዬ መቀነስ ቢያቆምስ?

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። የፋርማሲም ይሁን የመንገድ ዳር ሚዛን ሁልጊዜ አንዱን ይጠቀሙ፤ ሚዛን ከሚዛን ይለያያልና። በየቀኑ የሚታየው ከፍና ዝቅ አብዛኛው ውሃ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክብደት መቀነሱ ቢቆም አይደንገጡ። ቀለል ያለ ሰውነት የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል፤ የረሃብ ስሜትም ይጨምራል። ይህ የሰውነት ተፈጥሮ እንጂ የእርስዎ ድክመት አይደለም። ዘይቱንና ስኳሩን እንደገና ይለኩ፤ እርምጃውን ትንሽ ያስረዝሙ። የቀነሱት ተመልሶ አለመምጣቱም በራሱ ትልቅ ውጤት ነው። በዓልና ሠርግ ላይ አብዝተው ቢበሉ በሚቀጥለው ምግብ ወደ ልማድዎ ይመለሱ፤ «አንዴ ተበላሽቷል» ብለው አይተዉት።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?

ሳያስቡበት ክብደትዎ ከቀነሰ በፍጥነት ይመርመሩ። በተለይ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ብዙ ውሃ መጠማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ አይዘግዩ። ቲቢ፣ የስኳር ህመም፣ የእንቅርት ህመም፣ ኤችአይቪና ካንሰር እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።

በተጨማሪም፦
• በሚንቀሳቀሱበት ጊዜ የደረት ህመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመዎት ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• በፍጥነት ከወፈሩና ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የእግር ወይም የፊት እብጠት፣ የወር አበባ መዛባት ካለብዎት።
• የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ህመም ካለብዎትና አመጋገብዎን ለመቀየር ካሰቡ። ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።
• ከበሉ በኋላ ሆን ብለው የሚያስመልሱ ወይም ስለ ምግብ ያለማቋረጥ የሚጨነቁ ከሆነ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህል መድኃኒትም ካለ እሱን ጨምረው፣ ይዘው ይሂዱ። ያለፉትን ሦስት ቀናት የበሉትንና የጠጡትን፣ ቡናውንም ቆሎውንም ሳያስቀሩ፣ በወረቀት ላይ ጽፈው ቢያመጡ ሐኪሙ ለእርስዎ የሚሆነውን ለመምከር ይቀልለዋል።